የዓይን ሞራ ሲገፈፍ ሕመምተኛው የሚሰማው
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ ከምታገለግሉት መካከል እናትና አባታችሁ ዛሬም በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በደምበጫ ዙሪያ፥ በቆጋ ወንዝ ዳር፥ ወይም ከነዚህ ሁሉ ርቆ መኪና በማይገባበት በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚኖሩ ብዙዎች ናችሁ። ዛሬ የምናገረው ነገር ይልቁንም እናንተን ይመለከታል። አባት ወይም እናት ዓይናቸው ፈዞ፥ ግድግዳ እየዳሰሱ፥ በልጅ እጅ እየተመሩ መሄድ ሲጀምሩ ወሬው የሚደርሰው ለእናንተ ነው። ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያሳያቸው፥ ወጪውን የሚችለው፥ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው፥ ከሁሉም አስቀድሞ «ይሁን፥ እታከማለሁ» እስኪሉ ድረስ የሚለምናቸው ከተማ የገባው ልጅ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ምን ብሎ ይለምናቸው? የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነው።

የዓይን ሞራ ማለት ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው፥ በተፈጥሮው እንደ ጠራ ብርጭቆ ብርሃንን የሚያሳልፈው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። በዓይን ላይ የበቀለ ሥጋ አይደለም፤ በጠብታም ሆነ በኪኒን አይጠራም። መድኃኒቱ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ብቻ ነው። በ1998 ዓመተ ምሕረት በአገራችን የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ሥውር መሆኑን ገልጿል፤ ከዚህም ዓይነ ሥውርነት 49.9 በመቶ የሚሆነው የመጣው በሞራ ነው። ይኸውም ማለት ብርሃን ካጡት ወገኖቻችን ግማሽ ያህሉ ሊያዩ ይችሉ የነበሩ ናቸው።

ታዲያ ለምን አያዩም? የመንገዱ ርቀት፥ የገንዘቡ ማነስ፥ የሐኪሙ ቍጥር መጕደል የታወቁ ምክንያቶች ናቸው፤ ስለ እነርሱ በሌላ ጊዜ ብዙ ተነግሯል። ከነዚህ ጋራ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ሰው እግሩ ወይም ሆዱ ሲቀደድ ፊቱን ማዞር ይችላል። ዓይን ግን የሚያየው ራሱ ነውና «ስለቱ ወደ ዓይኔ ሲመጣ እያየሁ እንዴት እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህ ጥያቄ የሚያፌዝ ሰው ቢኖር እርሱ ራሱ በዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልነበረበት ዘመን ረጅም ነው። በጥንት ዘመን በሕንድና በሌሎችም አገሮች ሞራ ይታከም የነበረው ወደ ዓይን መርፌ አግብቶ የደፈረሰውን ሌንስ ወደ ውስጥ ገፍቶ በመጣል ነበር። በ1747 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዣክ ዳቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሌንሱን ከዓይን ማውጣት ጀመረ። ሕመምተኛው ግን በሰው እጅ ተይዞ ጥርሱን ነክሶ ከመቻል በቀር ሌላ መጽናኛ አልነበረውም። በ1846 በቦስተን ከተማ የኤተር ሰመመን በሐኪሞች ፊት ከታየ በኋላም ለዓይን ሕመምተኛ የጠቀመው እምብዛም ነው። ከሰመመኑ ሲነቃ ያስመልሰዋል፥ ያስለዋል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለዓይን የሚሆን ቀጭን የስፌት ክር ስላልነበረ የተሠራው ዓይን በዚህ ምክንያት ይበላሽ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በ1884 በቪየና ከተማ ነው። ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን የተባለውን ቅመም በውኃ በጥብጦ አስቀድሞ በእንስሳት ዓይን፥ ቀጥሎም በገዛ ዓይኑ ላይ አንጠባጠበና በመርፌ ራስ ቢነካው ምንም አልተሰማውም። ግኝቱ በዚያው ዓመት በሃይድልበርግ በተደረገው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ተነገረ፤ ነገር ግን ኮለር ለጉዞው የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው። (ከወር ደመወዝ ውጭ ሌላ ገቢ የሌላችሁ አድማጮቼ ይህ ነገር የሚገባችሁ ይመስለኛል።) ዛሬ ጥርስ ሲነቀል እንኳ የምናገኘው ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት መነሻው ይህ የዓይን ጠብታ ነው። ኮኬይን ራሱ ግን ጕዳት ያለበት ሆኖ ስለ ተገኘ በሌሎች ቅመሞች ተተካ፤ ከነዚህም አንዱ በ1943 በስዊድን አገር የተገኘው፥ ዛሬም በየሆስፒታሎቻችን የሚሠራበት ሊዶካይን ነው።

እንግዲህ ወደ ዘመናችን እንመለስ። ከተማ የሚኖሩ ልጆች እናታቸውን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ባመጡ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ሙሉ ሰመመን ነው። «ምንም ሳታውቅ ተኝታ ትሠራ» ይላሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሆኖም ለሞራ ሕክምና ሙሉ ሰመመን የሚሰጠው በተለይ ለሕፃናትና በልዩ ልዩ ምክንያት ጸጥ ብለው መተኛት ለማይችሉ ሰዎች ነው። ሙሉ ሰመመን ምግብና ውኃ አቋርጦ መቆየትን፥ መተንፈሻ መሣሪያን፥ ሳይለይ የሚጠብቅ የሰመመን ባለሙያን ይፈልጋል። ከነቁም በኋላ ማቅለሽለሽ፥ የጕሮሮ መቍሰል፥ በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የአእምሮ መደናገር ያስከትላል። ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው የታመመ ሽማግሌ ለደቂቃዎች ሥራ ይህን ሁሉ ሸክም እንዲሸከም ማድረግ አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙ «አላስተኛቸውም» ሲላችሁ እናታችሁን ንቆ ወይም ወጪ ቆጥቦ አይምሰላችሁ።

በአገራችን፥ ይልቁንም በገጠሩ ክፍል በሚደረገው ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የተለመደው በዓይን ዙሪያ የሚሰጠው መርፌ ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መድኃኒቱ ከዓይን ኳስ በስተኋላ ባሉት ጡንቻዎች መካከል ይገባል፤ ጥቂት መድኃኒት ይበቃዋል፥ ቶሎም ይሠራል። በሁለተኛው መርፌው ከጡንቻዎቹ ውጭ ይቆማል፤ መድኃኒቱ በብዛት ይሰጥና ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ እስኪያደነዝዝ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2008 ከናይጄሪያ ሐኪሞች የወጣ አንድ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ የተደረጉትን ልዩ ልዩ ጥናቶች መርምሮ ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ በሚሰማው ሕመም በኩል በመካከላቸው ልዩነት እንዳልተገኘ አስረድቷል። በፊተኛው መርፌ የዓይን ቆብ ደም ይቋጥራል፥ በኋለኛው ደግሞ የዓይን ነጩ ክፍል ያብጣል፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው የሚጠፉ ናቸው። መርፌው ራሱ ዓይንን የሚጐዳበት ወይም በስተኋላ ብዙ ደም የሚፈስበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ጨርሶ የለም አይባልምና በሠለጠነ እጅ መሰጠት አለበት። ቀድሞ ሕመምተኛውን «ወደ ላይና ወደ አፍንጫህ ተመልከት» ይሉት ነበር። በ1981 በዘመናዊ የራጅ መሣሪያ ሲታይ ይህ አመለካከት ዋናውን የማያ ነርቭ ወደ መርፌው መንገድ እንደሚያቀርበው ስለ ታወቀ ዛሬ «ቀጥ ብለው ይመልከቱ» ይባላል።

አሁን ሕመምተኛው የሚሰማውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ የመርፌ መውጊያ አለ፤ ይህ ያማል። መድኃኒቱ በዝግታ ሲሰጥ ሕመሙ ይቀንሳል፥ በጥድፊያ ሲሰጥ ይብሳል። ቀጥሎ ዓይን የተነፋና የተወጠረ ይመስላል። ከዚያም መድኃኒቱ እንዲሰራጭ፥ ዓይኑም እንዲለዝብ ነርሷ ወይም ሐኪሙ በተዘጋው ዓይን ላይ በእጅ ወይም በተዘጋጀ ነገር ጥቂት ደቂቃ ይጫናል። ብዙ ሕመምተኛ በአንድ ቀን በሚታከምበት ዘመቻ ላይ ይህ የሚደረገው ገና ተራ በሚጠበቅበት ስፍራ ነው፤ አንዱ በአልጋው ላይ ሲሠራለት የሚቀጥለው ዓይኑን ተጭኖ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ግን «ዓይኔን ሊያፈርጡት ነው» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ሞራው የበሰለበት የገጠር ሰው ከዓለም ሁሉ የቀረችው አንዲት ነገር ብትኖር የብርሃን ጭላንጭል ናት። ቀንና ሌሊትን፥ በርና ግድግዳን የሚለየው በርሷ ነው። መርፌው ሥራውን ሲጀምር ግን ነርቩ ስለሚደነዝዝ ይህችው ጭላንጭል ትደበዝዛለች፥ አንዳንድ ጊዜም ፈጽማ ትጠፋለች። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ በደንብ ሠርቷል» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሕመምተኛው ደግሞ «የቀረችኝንም አጠፉብኝ» ይላል። አንዱ ነገር ለሐኪሙ የምሥራች፥ ለሕመምተኛው መርዶ የሚሆነው አስቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርሃኑ እንደሚመለስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢነገረው ይህ ድንጋጤ ባልኖረም ነበር።

በመርፌ ፋንታ ሌላም መንገድ አለ። አስቀድሞ ጠብታ ተጨምሮ ዓይኑ ላዩን ከደነዘዘ በኋላ የዓይንን ነጭ የሸፈነው ስስ ሽፋን በመቀስ ጥቂት ይከፈትና ጫፉ ዱልዱም በሆነ ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱ በሽፋኑ ሥር ይፈስሳል። ስለታም መርፌ ወደ ውስጥ ስለማይገባ አሰጣጡ ይቀላል፤ በመካከሉ ሕመም ቢመጣም ተጨማሪ መድኃኒት በዚያው መስጠት ይቻላል። የዓይኑ ነጭ ግን ለጥቂት ቀናት ደም ሊመስል ይችላልና ዘመድ ሁሉ እንዳይደነግጥ ማስታወቅ ይገባል።

በመጨረሻ የቀረው ጠብታ ብቻውን ነው። ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሚመጥ መሣሪያ በሚሠራባቸው የከተማ ክሊኒኮች ይህ በጣም ተለምዷል። መርፌ የለውም፤ ዓይኑም ወዲያው ስለሚያይ ታካሚው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዓይኑ አይቆምም፤ ሲነካም ሲጫንም ይታወቃል፤ ታካሚው ራሱ የብርሃኑን አቅጣጫ እየተመለከተ ዓይኑን ማቆም አለበት። ጠብታንና ከሽፋኑ ሥር የሚፈስሰውን መድኃኒት ያነጻጸሩ ጥናቶች በጠብታ ብቻ የታከሙት በመጠኑ ይበልጥ ሕመም እንደተሰማቸው አግኝተዋል። ታዲያ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ለዓመታት ቆይቶ የጠጠረውን ሞራ፥ ያለዚያ መሣሪያ በእጅ ጥበብ ለማውጣት ዓይን ጸጥ ብሎ መቆም ይኖርበታል። እንግዲህ «ጠብታ ዘመናዊ፥ መርፌ ኋላ ቀር ነው» የሚለውን የከተማ ወሬ አትቀበሉ። ለአንዱ የተስማማው ለሌላው አይስማማም፤ የገጠር አባት መርፌ ስለ ተወጋ የሁለተኛ ደረጃ ሕክምና አገኘ ማለት አይደለም።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ማደንዘዣው ምንም ዓይነት ቢሆን በአንዳንድ ሰው ላይ በሙሉ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፤ መድኃኒት ሊጨመርለት የሚችለው ደግሞ «አመመኝ» ሲል ነው። በአገራችን ግን፥ ይልቁንም በገጠር ባደጉት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዘንድ፥ ሕመምን ዋጥ አድርጎ መቻል የጨዋ ሰው ሙያ ነው። በሐኪም ፊት መጮህ ነውር ይመስላቸዋል፤ ሐኪሙንም ያስቸገሩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ዝምታ የምቾት ምልክት አይደለም። በውጭ አገር የሕመሙን መጠን ለመለካት በወረቀት ላይ መስመር አስምረው «ሕመምዎ ከየት ይደርሳል?» እያሉ ሕመምተኛውን ያስመለክቱታል። ፊደል ላልቆጠረ፥ ይልቁንም ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ለሚወጣ ሰው መስመር ማሳየት ትርጉም የለውም። «ምንም አላመመዎትም? ጥቂት አመመዎት? ወይስ እጅግ?» ብሎ በቃል መጠየቅ፥ ያውም ሐኪሙ ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢጠይቅ፥ እውነተኛውን መልስ ለማግኘት ይሻላል።

የሚታየውም ነገር የሚያስፈራ ሊሆን ይችላል። ኦፕራሲዮኑ ሲሠራ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም በጠብታ የሚታከሙት፥ ብርሃንና ልዩ ልዩ ቀለም፥ ሲንቀሳቀስም የሐኪሙን እጅ ወይም መሣሪያውን እንደ ጥላ ያያሉ። ለአንዳንዱ ውብ ነው፤ አንዳንዱን ግን ያሸብረዋል። በሲንጋፖር ያሉ ሐኪሞች ይህን ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል፤ በ2005 የታተመው ጥናታቸው የሚታየው ነገር አስቀድሞ የተነገራቸው ሕመምተኞች ካልተነገራቸው ያነሰ እንደ ፈሩ ያስረዳል። በ2001 በኮሪያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ነርስ እጃቸውን የያዘቻቸው ሰዎች ጭንቀታቸው እንደ ቀነሰ አግኝቷል። አንዱም ሌላውም መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንዱ ቃል፥ ሌላው እጅ ነው።

ስለዚህ እናታችሁን ስትለምኑ «መርፌ የለውም፥ ምንም አይሰማሽም» አትበሏት። ይህ ቃል እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያደርሳታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጇንም ሐኪሙንም አታምንም። ይልቁንስ እንዲህ ብትሏት ይሻላል።

«እምዬ፥ ሲሠራ ነቅተሽ ነው እንጂ አያስተኙሽም። መጀመሪያ ጠብታ ይጨምሩልሻል፤ ጥቂት ይለበልብሻል። ከዚያ ከዓይንሽ በታች መርፌ ይወጉሻል፤ ያማል፥ ግን ከዚያ የባሰ ሊመጣ አይገባም። ዓይንሽ የተነፋ ይመስልሻል፤ ይጫኑታልም፤ ለመድኃኒቱ ነው። የምታዪው ብርሃን ቢጠፋ አትደንግጪ፥ ይመለሳል። ፊትሽን በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ትንፋሽሽን ግን አይከለክልሽም። ሐኪሙ ሲነካሽ ይታወቅሻል፤ መነካት ሌላ፥ ሕመም ሌላ ነው። ካመመሽ ‹አመመኝ› በይ፤ ማንም አይቆጣሽም። ራስሽን ግን አታንቀሳቅሺ።»

በዚህ ላይ ጥቂት ነገር ይጨመራል። ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ሽንታቸውን ይሽኑ፤ ፊኛው የሞላ ሰው ጸጥ ብሎ መተኛት አይችልም። ሳል ያለበት፥ ወይም በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣም አስቀድሞ «ሊያስለኝ ነው» ይበል። ወገባቸው የጎበጠ እንደ ሆነ ከጉልበታቸው በታች ትራስ ይደረግላቸው። ጸሎትም ቢሆን በልብ ወይም በዝግታ በከንፈር ይሁን፤ ሥራው ሲጀመር ለማማተብ እጅ ቢነሣ ንጹሑን ጨርቅና የሐኪሙን እጅ ሊመታ ይችላልና ማማተቡ ከመግባት በፊት ይፈጸም። የነርሷ ቋንቋና የሕመምተኛው ቋንቋ የተለያየ እንደ ሆነም «አትንቀሳቀሱ» እና «አመመኝ» የሚሉት ሁለት ቃሎች አስቀድመው በሁለቱም ወገን ይታወቁ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማደንዘዣው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ የዓይን ቆብ ይከብዳል፤ ዓይኑ ካልተሸፈነም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከለቀቀ በኋላ አሸዋ እንደ ገባ መቆርቆር የተለመደ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ቀን በቀን እየባሰ የሚሄድ፥ ዓይኑም እየቀላና ብርሃኑ እየደከመ የሚመጣ ከሆነ ይህ የማደንዘዣው ነገር አይደለምና «ይለፈኝ» ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። ይህንንም ለሕመምተኛዋ ብቻ ሳይሆን አብሯት ወደ አገር ለሚመለሰው ሰው መንገር ይገባል፤ እርሷ እንደ ልማዷ ችላ ዝም ትላለችና።

ሌላኛውም ዓይን ሞራ እንዳለበት ከተነገራችሁ የሁለተኛውን ቀጠሮ ሳትይዙ አትመለሱ። ነገር ግን «የፊተኛውን አይተሽው የለም፥ እንደዚያው ነው» ብላችሁ አትሸኟት። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ዓይን ይበልጥ አመመን እንደሚሉ ገልጸዋል። በመጀመሪያው ጊዜ እጅግ የከፋ ነገር ጠብቀው ስለ ነበር የደረሰባቸው ቀለላቸው፤ በሁለተኛው ግን ቀላል ነው ብለው ስለ ገቡ ጥቂቱም በዛባቸው የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ስለዚህ «አሁን ምናልባት ካለፈው ይበልጥ ሊሰማሽ ይችላል» በሏት፤ ቀጠሮውም ክረምት ሳይገባና ወንዙ ሳይሞላ ይሁን።